ጫጩቱ ከመድረሱ በፊት መኖው ይድረስ

በኅዳር 2015 ዓ.ም በአርባ ምንጭ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ካካተታቸው ሥራዎች መካከል ዶሮ እርባታ አንዱ ነው። ሰፊ መሬትና ብዙ ካፒታል ስለማይጠይቅ ሴቶችና ወጣቶች በቀላሉ የሚገቡበት ዘርፍ ሆኗል። የአንድ ቀን ጫጩት ተረክበው ከ45 እስከ 60 ቀን የሚያሳድጉ አሳዳጊዎች፣ ከእነሱ ደግሞ አምስትና አሥር ቄብ የሚወስዱ አርሶ አደሮች በርካታ ናቸው።

ይሁን እንጂ የሥራው ውጤት የሚለካው ብዙ ጊዜ በተሰራጨው ጫጩት ቁጥር ነው። ከተሰራጨው ውስጥ ስንቱ ስምንት ሳምንት ሞላው? ስንቱስ በወጉ አድጎ እንቁላል መጣል ጀመረ? የሚለው ጥያቄ ያን ያህል ሲነሳ አይታይም። ጫጩት ሲሞት ወይም ሲቀጭጭ ጥፋቱ በዝርያው፣ አለዚያም በበሽታ ይሳበባል። በተለይ በቆላማ ወረዳዎች ግን ከኪሳራው ጀርባ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት የተጓደለ መኖና ውኃ ነው። አሳዳጊዎችም ሆኑ የወረዳ ባለሙያዎች ጫጩት ከማዘዛቸው በፊት መኖውን ማሰብ ያለባቸው ለዚህ ነው።

ስምንቱ ሳምንታት ለምን ይወስናሉ?

ጫጩት ከእንቁላል ሲወጣ በሆዱ ውስጥ የእንቁላሉ አስኳል ቅሪት ይኖረዋል። ረጅም መንገድ ተጉዞ ወረዳ ድረስ በሕይወት የሚደርሰው በዚህ ስንቅ ነው። ስንቁ ግን ከሁለትና ሦስት ቀን አያልፍም። ከዚያ በኋላ የሚበላውን ያላወቀ ጫጩት መኖ አጠገቡ ተቀምጦለት እንኳ በረኃብ ይሞታል።

በደንብ የተመገበ የእንቁላል ዶሮ ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ክብደቱን ወደ እጥፍ ያሳድጋል። አጥንቱ፣ ላባው፣ የምግብ መፍጫ አካሉና በሽታ የመከላከል አቅሙ የሚገነቡት በእነዚህ ሳምንታት ነው። በዚህ ጊዜ የተጎዳ ጫጩት በኋላ የፈለገውን ያህል ቢቀለብ የጎደለውን ሙሉ በሙሉ አያካክስም። ቢተርፍም እንቁላል የሚጀምረው ዘግይቶ ነው፤ እንቁላሉም አነስተኛ ይሆናል። አሳዳጊው ስምንት ሳምንት የቆጠበውን መኖ ከዓመት በላይ በእንቁላል ይከፍለዋል ማለት ነው።

ሙቀት ሲበረታ

እንደ መተማ፣ ቋራ፣ ቆቦ፣ ሸዋ ሮቢትና ከሚሴ ባሉ ሞቃታማ አካባቢዎች የጫጩት አመጋገብ ከደጋው ይለያል። በመተማ አካባቢ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል። ዶሮ እንደ ሰው በላብ ሰውነቷን አታበርድም። የምታቀዘቅዘው አፏን ከፍታ በማለክለክ ነው፤ ስታለከልክ ደግሞ ውኃ ታጣለች። መኖ ሲፈጭ በሰውነት ውስጥ ሙቀት ስለሚፈጥር በጠራራ ፀሐይ ዶሮ መብላት ትቀንሳለች።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ጫጩቱ የሚበላው መጠን ስለሚያንስ የሚበላው ጥቂት መኖ በፕሮቲን፣ በማዕድንና በቫይታሚን የተሟላ መሆን አለበት። ዝም ብሎ እህል መበተን በቆላ ከደጋ ይልቅ ይጎዳል። ሁለተኛ፣ የመመገቢያ ሰዓት መስተካከል አለበት። ሦስት ሳምንት ላለፋቸው ጫጩቶች ዋናው መኖ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮና ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይቅረብ። ከ5 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውኃው እንጂ መኖው አይሞላ። ከሦስት ሳምንት በታች ላሉት ግን መኖ በማንኛውም ሰዓት ከፊታቸው መጥፋት የለበትም።

ውኃን በተመለከተ፣ በመጠነኛ አየር ጫጩት ከበላው መኖ ክብደት ሁለት እጥፍ ገደማ ውኃ ይጠጣል። ሙቀት ሲበረታ ይህ ወደ ሦስትና አራት እጥፍ ይደርሳል። ውኃ የተቋረጠበት ጫጩት መኖም ያቆማል። ስለዚህ ለ100 ጫጩት ቢያንስ ሁለት መጠጫ በጥላ ሥር ይቀመጥ፤ ውኃው በቀን ሦስት ጊዜ ይቀየር፤ መጠጫው በየቀኑ ይታጠብ። በፀሐይ የሞቀ ውኃ ጫጩት እንደሚገባ አይጠጣም።

የመጀመሪያው ቀን

ጫጩቱ ከመድረሱ በፊት ቤቱ ፀድቶና ደርቆ፣ ጉዝጓዙ ተነጥፎ፣ ማሞቂያው ቀደም ብሎ ሥራ ጀምሮ መጠበቅ አለበት። በመጀመሪያው ሳምንት በጫጩቱ ቁመት ላይ ያለው ሙቀት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሆኖ በየሳምንቱ ሁለትና ሦስት ዲግሪ ይቀነሳል። በቆላ ቀን ማሞቂያ ላያስፈልግ ይችላል። ሌሊቱ ግን ስለሚቀዘቅዝ መዘናጋት አይገባም። ከሰል የሚጠቀም አሳዳጊ አየር መውጫ መተው አለበት፤ የከሰል ጭስ ጫጩትንም ሰውንም ይገድላል።

ሙቀት መለኪያ ለሌለው ጫጩቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ተደራርበው ከተጨናነቁ በርዷቸዋል። ከማሞቂያው ሸሽተው፣ ክንፋቸውን ጥለው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። በየቦታው ተበትነው የሚበሉና የሚጠጡ ከሆነ ሁኔታው ተስማምቷቸዋል።

ጫጩት ሲደርስ መጀመሪያ የሚሰጠው ውኃ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በአንድ ሊትር ውኃ ከ30 እስከ 50 ግራም ስኳር ሟሙቶ ቢሰጥ ከጉዞው ድካም ያገግማል። የጥቂቶቹን መንቁር ውኃው ውስጥ ነከር ማድረግ ሌሎቹም አይተው እንዲጠጡ ያደርጋል። ከአንድና ሁለት ሰዓት በኋላ መኖ በጋዜጣ ወይም በካርቶን ላይ ይበተናል። በመመገቢያው ብቻ መስጠት የሚጀመረው ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ ቀስ በቀስ ነው።

በማግሥቱ መደረግ ያለበት አንድ ቀላል ፍተሻ አለ። ከተለያየ ቦታ 20 ጫጩት አንስቶ ከአንገት በታች በደረቱ ላይ ያለውን የምግብ ከረጢት በጣት ዳሰስ ማድረግ ነው። ለስለስ ብሎ ሞላ ካለ በልቶም ጠጥቶም ነበር ማለት ነው። ጠጠር ካለ ውኃ አላገኘም። ባዶ ከሆነ መኖውን አላየውም። ከ20ው ከአንድ በላይ ባዶ ከተገኘ የመኖው አቀማመጥ፣ ብርሃኑ ወይም ሙቀቱ በዚያው ሰዓት መስተካከል አለበት።

በአካባቢ እህል የሚዘጋጅ መኖ

እስከ ስምንት ሳምንት ያለ የእንቁላል ዶሮ ጫጩት ከ18 እስከ 20 በመቶ ፕሮቲን ያለው መኖ ይፈልጋል። በቆሎ ያለው ፕሮቲን ከ8 እስከ 9 በመቶ ነው፤ ማሽላም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የስንዴ ፉርሽካም 15 በመቶ አካባቢ ነው። በቆሎና ፉርሽካ ብቻ ቀላቅሎ የሚሰጥ አሳዳጊ ምንም ያህል ቢያበዛ ጫጩቱ የሚፈልገውን ፕሮቲን አያገኝለትም።

ጉድለቱን የሚሞሉት አኩሪ አተርና የቅባት እህል ፋጉሎ ናቸው። ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ይበልጥ ይጠቅማሉ። የኑግና የሰሊጥ ፋጉሎ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን አካል ያንሳቸዋል፤ አኩሪ አተር ግን በላይሲን የበለጸገ ነው። አኩሪ አተር የሚያንሰውን ሜታዮኒን ደግሞ ኑግና ሰሊጥ ያሟላሉ። ሰሊጥ፣ ማሽላና አኩሪ አተር የሚያመርት ቆላማ ወረዳ የጫጩት መኖ ዋና ዋና ግብዓቶች በእጁ አሉ ማለት ነው።

ለ100 ኪሎ ግራም የጫጩት መኖ የሚከተለው ቅንብር 19 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ይሰጣል፦

የተፈጨ በቆሎ ወይም ነጭ ማሽላ፦ 50 ኪሎ
የተቆላና የተፈጨ አኩሪ አተር፦ 26 ኪሎ
የኑግ ወይም የሰሊጥ ፋጉሎ፦ 14 ኪሎ
የስንዴ ፉርሽካ፦ 6 ኪሎ
በደንብ ተቃጥሎ የተፈጨ የአጥንት ዱቄት፦ 2 ኪሎ
የኖራ ድንጋይ ዱቄት፦ 1 ኪሎ ከ200 ግራም
የጫጩት ቫይታሚንና ማዕድን ቅይጥ (ፕሪሚክስ)፦ 500 ግራም፣ ወይም በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን
ጨው፦ 300 ግራም

ሲቀላቀል መጀመሪያ ጨው፣ ፕሪሚክስ፣ የአጥንትና የኖራ ዱቄት ከጥቂት ኪሎ የእህል ዱቄት ጋር ይዋሃዱ። ከዚያ ወደ ትልቁ ክምር ይጨመሩ። አለዚያ አንዱ ጫጩት ጨው ሲበዛበት ሌላው ቫይታሚን ያጣል። መኖው ከቅንጬ የደቀቀ፣ ከዱቄት የሸከረ ይሁን። በጣም የላመ ዱቄት መንቁር ላይ ስለሚጣበቅ ይባክናል።

አኩሪ አተር በጥሬው ለጫጩት አይሰጥም። በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ፕሮቲን እንዳይፈጭ ስለሚያግድ ጫጩቱ እየበላ ይቀጭጫል። በምጣድ እየተማሰለ፣ ቅርፊቱ እስኪሰነጠቅና ወርቃማ ቡናማ ቀለም እስኪይዝ ይቆላ። እስኪያር ማቆየትም ፕሮቲኑን ያበላሻል።

ከጫጩት መመገቢያ መራቅ ያለባቸው

ብዙ አሳዳጊዎች የጫጩት መኖ ሲጠፋ የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ገዝተው ይሰጣሉ። ይህ ከባድ ጉዳት አለው። የጣይ ዶሮ መኖ ለእንቁላል ቅርፊት ሲባል ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም ይዟል። ጫጩት የሚፈልገው 1 በመቶ ገደማ ነው። ትርፉ ካልሲየም ኩላሊቱን ይጎዳዋል።

ቀይና ቡናማ ቀለም ያለው፣ ሲቀመስ የሚመር ማሽላ ታኒን ስላለበት ፕሮቲን ከጫጩቱ ሰውነት ጋር እንዳይዋሃድ ያደርጋል። ለጫጩት ነጩ ይመረጥ። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ጎሲፖል የተባለ መርዝ ስላለው ለጫጩት አለመስጠቱ ይሻላል። ጓያም እንዲሁ።

ከሁሉም የከፋው ሻጋታ ነው። እ.ኤ.አ በ1960 በእንግሊዝ አገር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ የተርኪ ጫጩቶች ምክንያቱ ባልታወቀ ሕመም አለቁ። ሲመረመር በሽታው ተላላፊ አልነበረም። ምክንያቱ ከብራዚል የመጣ፣ መኖው ውስጥ የገባ የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ነበር። ዛሬ አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ የታወቀው በዚያ እልቂት ነው። በአገራችንም የኑግ ፋጉሎ በዚህ መርዝ ሊበከል እንደሚችል በአዲስ አበባ ዙሪያ በወተት ከብት መኖ ላይ የተደረገ ጥናት አሳይቷል።

አፍላቶክሲን ጉበትን ይጎዳል፤ ክትባት እንዳይሠራ ያደርጋል፤ በመቁላትም ሆነ በመቀቀል አይጠፋም። ስለዚህ የሻገተ ወይም የሻጋታ ሽታ ያለው ፋጉሎና እህል ከጥሩው ጋር ቀላቅሎ «ማሳለፍ» ጥሩውንም ማበላሸት ነው። መኖ ከወለልና ከግድግዳ ርቆ በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ። በቆላ ሙቀት ቫይታሚኑም ቶሎ ስለሚበላሽ የተቀላቀለ መኖ ከሦስትና አራት ሳምንት በላይ ባይቆይ ይመረጣል።

ተርኪ ለማርባት የጀመሩ ካሉም ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። የተርኪ ጫጩት ከዶሮ ጫጩት የበለጠ ፕሮቲን ይፈልጋል፤ እስከ አራት ሳምንት 28 በመቶ፣ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት 26 በመቶ። የዶሮ ጫጩት መኖ አይበቃውም። መኖና ውኃ ለማግኘትም ስለሚዘገይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መንቁሩን እየነከሩ ማሳየት፣ መኖው ላይ የደቀቀ አረንጓዴ ቅጠል መበተን ይረዳል። ከዶሮ ጋር አንድ ግቢ ማርባት ግን አይመከርም። ዶሮን ብዙም የማይጎዳ፣ ተርኪን ግን የሚገድል በሽታ ከዶሮ ስለሚተላለፍበት ነው።

ቄብ ለተረከቡ አርሶ አደሮች

የ45 ቀን ቄብ ወደ ቤት ስትገባ የስምንቱ ሳምንት ጉዞ ገና አላለቀም። በዚህ ዕድሜ አንዷ በቀን ከ45 እስከ 50 ግራም መኖ ትፈልጋለች፤ አሥር ቄብ ያላት እማወራ በቀን ግማሽ ኪሎ ማለት ነው። ቀድሞ ስትበላው የነበረው መኖ በአንድ ቀን ከተቀየረ ትታመማለችና ከአሳዳጊው የአንድ ሳምንት መኖ አብሮ መውሰድ፣ ከዚያም አዲሱን ቀስ በቀስ እየቀላቀሉ መለወጥ ይገባል። ከስምንት ሳምንት በኋላ ከ15 እስከ 16 በመቶ ፕሮቲን ያለው የታዳጊ ዶሮ መኖ ይበቃታል። ግቢ ውስጥ ተሰማርታ የምትለቅመው ነፍሳትና ቅጠል ወጪ ይቀንሳል፤ ጠዋትና ማታ የሚሰጠውን መኖ ግን አይተካም።

የአገር ዶሮ የፈለፈለቻቸው ጫጩቶችም ሊረሱ አይገባም። በመንደር በሚደረግ እርባታ ከተፈለፈሉት ግማሽ ያህሉ ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው እንደሚያልቁ በተደጋጋሚ የተመዘገበ ነው። ጭልፊትና ድመት ቢያጠቋቸውም፣ ከእናታቸው ጋር ተሻምተው የሚበሉት አለማግኘታቸው ደካማና በቀላሉ ተጠቂ ያደርጋቸዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ጫጩት ብቻ የሚያሾልክ ክፍተት ያለው ቅርጫት ደፍቶ፣ ከሥሩ የጫጩት መኖና ውኃ ማስቀመጥ ነው። እናቲቱ ከውጭ ትጠብቃለች፤ ልጆቿ ውስጥ ገብተው ይበላሉ።

መኖ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። የፈንግልና የሌሎች በሽታዎች ክትባት በእንስሳት ጤና ባለሙያ መርሐ ግብር መሠረት ሳይዘገይ መሰጠት አለበት። በውኃ የሚሰጥ ክትባት በቆላ ማለዳ ይሰጥ፤ ውኃው መድኃኒት ያልተጨመረበት ይሁን። በመጠጫ ዙሪያ የረጠበ ጉዝጓዝ በየቀኑ ይነሳ። ደም የተቀላቀለበት ኩስ ከታየ የኮክሲዲዮሲስ ምልክት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ለባለሙያ ይነገር።

ለወረዳ አመራርና ባለሙያ

አንድ የእንቁላል ዶሮ ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 10 ግራም ገደማ፣ በሁለተኛው 17፣ በአራተኛው 32፣ በስድስተኛው 42፣ በስምንተኛው 50 ግራም ይበላል። ብክነቱ ታክሎ እስከ ስምንት ሳምንት ለአንድ ጫጩት 2 ኪሎ ግራም መያዝ ተገቢ ነው። ለ100 ጫጩት 2 ኩንታል ይሆናል።

እንግዲህ 5 ሺህ የአንድ ቀን ጫጩት ለማስገባት ያቀደ ወረዳ 100 ኩንታል የጫጩት መኖ አቅዷል ማለት ነው። ከላይ በቀረበው ቅንብር ሲሰላ 50 ኩንታል በቆሎ ወይም ማሽላ፣ 26 ኩንታል አኩሪ አተር፣ 14 ኩንታል ፋጉሎና 6 ኩንታል ፉርሽካ ያስፈልጋል። የቀረው ማዕድንና ፕሪሚክስ ነው። ይህ መጠን በኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል በመኸር ወቅት፣ ዋጋው ሳይወጣ ሊሰበሰብ የሚችል ነው። መቀላቀሉም ወፍጮና ሚዛን ላላቸው የተደራጁ ወጣቶች ሥራ ሊሆን ይችላል። በዶሮ እርባታ ከጠቅላላ ወጪው ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው መኖ መሆኑ ሲታሰብ፣ ገንዘቡ እዚያው ወረዳ ውስጥ መዋሉ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጫጩት ከመታዘዙ በፊት ወረዳው አራት ጥያቄ ሊመልስ ይገባል። የስምንት ሳምንቱ መኖ የት አለ? የሚደርሱበት ወር የከፋው የሙቀት ወቅት ነው ወይስ ሌላ? ማጓጓዣው ሌሊት ወይም ማለዳ እንዲደርስ ተደርጓል? የመጀመሪያውን ሳምንት የሚከታተል የቀበሌ ባለሙያ ማን ነው? ለአንዱ እንኳ መልስ ከሌለ ጫጩቱን ለአንድ ወር ማዘግየት ከማስገባት ይሻላል።

ሪፖርቱም ቢሆን አንድ ዓምድ ቢጨመርበት ብዙ ይናገራል፦ በ60ኛው ቀን በሕይወት ያሉት ስንት ናቸው? አማካይ ክብደታቸውስ? በየሳምንቱ ከየቤቱ አሥር ጫጩት መመዘን በቂ ነው። የእንቁላል ዝርያ በስምንተኛው ሳምንት 650 ግራም አካባቢ መድረስ ይጠበቅበታል። ለእንቁላልም ለሥጋም የሚሆኑት ዝርያዎች ከዚህ ይከብዳሉ። ክብደቱ በአራተኛው ሳምንት ወደኋላ ከቀረ ቀሪዎቹን አራት ሳምንታት ለማስተካከል ጊዜ አለ። የሞተውን ቆጥሮ ከመመዝገብ ይልቅ ይህ ይጠቅማል።

«ከአያያዝ ይቀደዳል» እንደሚባለው፣ ተስማሚ ዝርያም በአያያዝ ጉድለት ይጠፋል። አንዲት እማወራ ብድር ወስዳ ወይም በግ ሸጣ የገዛቻት ቄብ ስትሞት የሚጠፋው የቄቧ ዋጋ ብቻ አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት ባለሙያው «ዶሮ ውሰጂ» ሲላት የምትሰጠው መልስም አብሮ ይጠፋል። ስለሆነም ጫጩት ለማስገባት የተዘጋጀ ሁሉ ከወዲሁ ጎተራውን ይመልከት፤ ሁለት ኩንታል የሌለው አሳዳጊ መቶ ጫጩት አይዘዝ፤ አንድ ኩንታል ካለው በሃምሳ ይጀምር።